በግራ በኩል የታሪኩ ነው

«ጭነቱ ምንም አልሆነም አለኝ» አለች ባለቤቴ ውብነሽ፣ የስልኩን እጀታ ደረቷ ላይ እንደለጠፈች። ጎህ ገና መቅደዱ ነው፤ እኔ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንድ እግር ካልሲ እፈልጋለሁ። የማን ጭነት፣ የምን ጭነት አልኳት። የደወለው የመኪናው ባለንብረት ነበር። ጎረቤታችን ታሪኩ የሚነዳው ከባድ መኪና ከጅቡቲ ሲመለስ ከአዋሽ ወዲያ ተገልብጧል፤ ታሪኩ እዚያው አርፏል፤ አስከሬኑ ነገ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ሰውየው ይህን የተናገረው ግን በኋላ ነው። ያስቀደመው ስንዴው ከነጆንያው መትረፉን ነው። ውብነሽም የሰማችውን በሰማችው ቅደም ተከተል ነገረችኝ፤ ሌላ አቅም አልነበራትም።

የሰፈሩ ስልክ እኛ ቤት ነው፣ ከሱቃችን ጀርባ፣ በስኳር ጆንያውና በሳሙና ካርቶኑ መካከል። ከእኛ አጥር እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ያለ የጎፋ ሰው ዘመዱ ከሩቅ ሲደውልለት ውብነሽ ናት የምትጠራው፤ እጮኝነቱም፣ ኩርፊያውም፣ የቪዛው ጉዳይም በሷ ጆሮ በኩል ነው የሚያልፈው። እውነቱን ለመናገር ይህን ሹመቷን ትወደዋለች። ያን ጠዋት ግን እጀታውን ቦታው መለሰችና እርጥብ ነገር የነካች ይመስል እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች። ከግድግዳው ወዲያ የታሪኩ ታናሽ ወንድም ኢያቄም ተኝቷል፤ ሲያስለው እንኳ ይሰማናል። ስለዚህ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

ሁለቱን ወንድማማቾች እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጓቸው አክስታቸው እትዬ ተሾመች ናቸው። ለሳቸው መንገር አላስፈለገም። ክብሪት ሊገዙ ገቡ፣ የውብነሽን ፊት አዩ፣ ክብሪቱን ረሱት። የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱና እዚያው መሬት ላይ፣ በሽንኩርቱ ቅርጫት አጠገብ ተቀመጡ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። እኔ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝም ያለ አላየሁም። ትንሽ ቆይቶ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ከበበው መጡና በለስላሳ ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ኮፍያቸው እዚያ ሲቀመጥ ስብሰባ ተከፍቷል ማለት ነው።

«ለልጁ ዛሬ እንዳይነገረው» አሉ እትዬ ተሾመች፣ ነጠላውን ከአፋቸው አውጥተው። «አንድ ቀን ይቆይለት። አንድ ቀን ብቻ።»

«ወጉም እንደዚያው ነው። መርዶ በማለዳ ነው» አሉ አቶ ከበበው። «ነገ ሲነጋጋ ተሰብስበን እንነግረዋለን። ጥሩምባውም እስከዚያ አይነፋም። ዛሬን ግን ሰው አብሮት ይዋል፣ ከመንገድ እንዳይሰማ።»

ከዚያ ሁሉም እኔን አዩኝ። ፋብሪካው ሠራተኛ ከቀነሰ ወዲህ ሥራ የለኝም፤ ሰው ሥራ ሲፈታ እንዲህ ያለው ሹመት አይጠፋውም። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። አስከሬኑን የሚገንዙት ሰዎች ያውቃሉ፣ ስንዴውን የሚያራግፉት ያውቃሉ፣ ጥሩምባ ነፊያችን እንኳ ያውቃል፤ ከአንድ ማህፀን የወጣው ብቻ አያውቅም። ነገር ግን አቶ ከበበው ፊት «ወጉ ይቅር» የሚል ሰው ጎፋ ውስጥ ገና አልተወለደም።

ኢያቄም ሃያዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ነው። በሩ ላይ «ማመልከቻ እንተይባለን» የሚል ካርቶን ሰቅሏል፤ የሰፈራችን ሰው መንግሥት ላይ ያለውን ቅሬታ ሁሉ እሱ ነው በንጹሕ ፊደል የሚያሰፍረው። ኮምፒውተሩን ታሪኩ ነው ከጨረታ የገዛለት፣ ከአንድ የተዘጋ የእርዳታ ድርጅት። ክፍሉ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ፍራሽ ታጥፎ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ኮምፒውተሩ፣ ከጠረጴዛው ሥር የተቃጠለ የጌም ማሽን በፌስታል ተጠቅልሎ። ፍራሹ የታሪኩ ነው። የጌም ማሽኑም የታሪኩ ነበር፣ ከጅቡቲ ያመጣው። ከጉዞ ሲመለስ ሁለቱ እዚያች አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ይጫወታሉ፤ ታሪኩ ሁልጊዜ ብራዚልን ይዞ ሁልጊዜ ይሸነፋል፤ እትዬ ተሾመች ደግሞ ከማዶ የኮምፔርሳቶውን ግድግዳ በዘነዘና እየደበደቡ «ይሄን የሰይጣን ጩኸት ቀንሱልኝ» ይላሉ። ይህ የቤቱ ደንብ ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣና ማሽኑን አነደደው። ታሪኩ ባለፈው ጉዞው ሌላ ማሽን ሊያመጣ አስቦ ዋጋው አልቀመስ ሲለው አንድ ሲዲ ይዞ መጣ፤ ኮምፒውተሩን ጌም ማሽን የሚያደርግ ፕሮግራም አለበት ተብሎ።

«ታዲያ ምን ጎደለህ?» አልኩት ኢያቄምን፣ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲታገል አግኝቼው በሩ ላይ ቆሜ። ሻይ የያዘ ብርጭቆ በእጄ አለ፤ ሰው ቤት በጠዋት የገባሁበት ሰበብ እሱ ነው።

«አይነሳም ጋሼ። ይሄ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ እንደዛ ማሽን እንዲሠራ ያደርገዋል። ማሽኑ ግን ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው የራሱ ፋይል ነበረው፣ ባዮስ ይባላል። እሱን ካላገኘ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።»

«እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው በለኛ። ሳትይዝ ከሄድክ ሰው አይደለህም።»

ሳቀ። ወንድሙም ሲስቅ እንደዚያው ነበር፣ በአፍንጫው። «እንደሱ ነው። ለቡ፣ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ኦልጅራ ጋር አለ፣ ከራሱ ማሽን ነው የገለበጠው። ሄጄ ላምጣው። ነገ ታሪኩ ሳይደርስ መነሳት አለበት።»

«ልሸኝህ» አልኩት። «እግሬን ላፍታታ።» ታሪኩ ነገ እንደሚደርስማ እኔም አውቃለሁ።

እትዬ ተሾመች ቁርስ አቀረቡ፤ ሻይና የትናንት ዳቦ። ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ሻሻቸውን ቀይረዋል። የኢያቄምን ብርጭቆ ሞሉለት፣ ሳይጠጣው እንደገና ሊሞሉለት አሉ፣ ብርጭቆው ሙሉ መሆኑን ሲያዩ ማንቆርቆሪያውን መልሰው አስቀመጡት። የኮሌታውን እጥፋት አስተካከሉለት። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ወደ በሩ ዞረው ስለ ስኳር መወደድ ለእኔ ነገሩኝ፣ እኔም ስኳር የምትሸጥ ሴት ባል እንዳልሆንኩ ሁሉ እየተገረምኩ ሰማኋቸው። «አክስቴ ደህና ነሽ?» ሲላቸው «ራሴን ነው» አሉ። 

ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ ነበር። ላፍቶ ድረስ በታክሲ ሄድን፣ እኔ ሆን ብዬ በሱና በሌላው ተሳፋሪ መካከል ተቀመጥኩ፤ የሬዲዮኑ ዜና ሲጀምር ሹፌሩን ዘፈን እንዲያደርግ ለመንኩት። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነክቶህ ነው?» አለኝ ኢያቄም። ራሴን ነው አልኩት፤ የቤቱ በሽታ እሱ ሆኗል። ከላፍቶ ወዲያ በእግር ነው። ያኔ ለቡ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ጅምር ቤት ነበር፤ ጣሪያ የሌላቸው ግድግዳዎች፣ የብሎኬት ክምር፣ በክምሩ ላይ ልብስ ያሰጡ ዘበኞች። ኢያቄም ጭቃውን እየዘለለ ያወራል። የኪቦርዱን ቁልፎች ለሁለት እንዴት እንደሚከፍላቸው ይነግረኛል፤ በቀኝ ያሉት ቀስቶች የሱ፣ በግራ ያሉት ፊደሎች የታሪኩ። የታሪኩ ጣቶች መሪ ስለለመዱ ወፋፍራም ናቸውና ተራራቅ ያሉ ቁልፎችን መርጦለታል። «በነዚህም ቢሆን መሸነፉ አይቀርም» አለ። እኔም «አይቀርም» አልኩ።

ኦልጅራ ኮምፒውተር አስተማሪ ነው፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር፣ ጫማ ሳታወልቅ የማያስገባህ ሰው። አልጋው ሥር፣ አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ላይ የተፈታታ ማሽን ነው። እኔን ሲያይ «ጋሽ ላቀው፣ አንተም በዚህ ዕድሜህ ጌም ገባህ?» አለኝ። ጡረታ የጠበቀኝ መስሎኝ ነበር፣ እሱ ቀረ፣ ስለው ሳቀና ከመሳቢያ አንድ ፍሎፒ አወጣ። ሊሞክረው ኮምፒውተሩ ውስጥ ቢከተው ዲስኩ አልነበብ አለ። ኮምፒውተሩ ይንገጫገጫል፣ ያጉረመርማል፣ ስህተት ነው ይላል። ኦልጅራ ዲስኩን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ከተተ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ፣ አይከፈት እያልኩ ነበር በሆዴ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ካልተከፈተ ልጁ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲታገል ይውላል፣ ሰውም ሳያይ፣ ወሬም ሳይሰማ ይመሻል። ከተከፈተ ደግሞ ይደሰታል፤ ያን ደስታ ምን ላይ ቆሜ እንደማየው አላወቅሁም። ኦልጅራ በመጨረሻ ፋይሉን ሲበራ እንደ ወፍጮ ከሚጮኽ ሌላ ኮምፒውተሩ በአዲስ ዲስክ ገለበጠው፣ ሞከረው፣ ተነበበ።

«ያለኝ ይሄ አንዱ ብቻ ነው» አለ፣ ፍሎፒውን በሁለት ጣቱ እንደያዘ። «ያኛው ኮምፒውተር ሊሞት ነው፣ ድምፁን ሰምተኸዋል። የራስህ ላይ ከገለበጥክ በኋላ ነገ መልስልኝ። አደራ።»

«ነገማ ታሪኩን ይዤው እመጣለሁ» አለ ኢያቄም። «እሱ ራሱ ያመሰግንሃል።»

ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር ያደረግሁት።

ሰፈር ስንመለስ ከሰዓት ሆኗል። ከእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች የድንኳን እንጨት በጋሪ ይጭናሉ፤ ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ አባይነህ ደግሞ የረጅሙን አግዳሚ ወንበር አንድ ጫፍ ይዘው ሌላውን የሚያነሳላቸው ሰው እየጠበቁ ነው። አቶ ከበበው ዕቃውን ቀደም ብለው ወደ እኛ ግቢ ጀርባ እንዲያስጠጉት አዘው ነበር፤ ሰውየው ሁሉን ነገር ቀደም ብለው ነው የሚያዙት። ኢያቄምን ልመልሰው ብዬ ክንዱን ያዝኩ፣ አልሆነም፣ አይቷቸዋል።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለ።

ጋሽ አባይነህ አፋቸውን ከፈቱና እኔን አዩ። «የፉሪ ሰዎች ናቸው» አልኩ። «ከእኛ እድር ዕቃ ተውሰው ነው።»

«እሺ፣ እግዚአብሔር ያጽናቸው» አለና ፍሎፒውን ሸሚዝ ኪሱ ከቶ የአግዳሚውን ሌላ ጫፍ አነሳ። አይሆንም የሚል አልተገኘም፤ አይሆንም የሚያሰኝ ምክንያት ስለሌለ። ሽማግሌው ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው በጭቃው ውስጥ ተሸከሙት። ከበድ ሲለው ትከሻው ላይ አደረገው። «ታሪኩ ቢኖር ብቻውን ነበር የሚያነሳው» አለ እየሳቀ። «ነገ ይምጣ፣ ድንኳን ተከላው ላይ ይላኩት። ጉልበቱ ለዚህ ነው የተሠራው።» ጋሽ አባይነህ ወደ ኋላ አልዞሩም። ወንበሩን ከእኛ አጥር ጥግ ሲያስቀምጡ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያደርሱ አየሁ፣ ላብ የሚጠርጉ መስለው። የኛ ግቢ ጥግ ለፉሪ ለቅሶ ምን እንደሚያደርግ ልጁ አልጠየቀም። ልቡ ኪሱ ውስጥ ነበር።

እንደ ገባ ወደ ሱቃችን መጣ፣ ናዝሬት ለመደወል። ታሪኩ ሲመለስ የሚያድርባት ሆቴል አለች፤ ዓርብ ማታ እዚያ ነው፤ ጌሙ ሊነሳ ነው ብዬ ልንገረው አለ። ውብነሽ ከባንኮኒው ጀርባ ቀጥ ብላ ቆመች። «ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ሞቷል» አለችው። ወዲያው ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ከንፈሯን ነከሰች። ኢያቄም ጎንበስ ብሎ አየና «ገመዱ ነው እኮ የወጣው፣ እትዬ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ መዳፉን መታችው።

«ተው አልኩህ።»

«ምነው፣ ይነክሳል እንዴ?» አለና ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ ብስኩት ከጠርሙሱ አውጥታ ያለ ሒሳብ ሰጠችው። ውብነሽ ብስኩት ያለ ሒሳብ ስትሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፣ በሃያ ዓመት ትዳር። ልጁ ብስኩቱን እያገላበጠ ወጣ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ግድግዳችን ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ደወል ያለ። ለአንድ ዓመት ያህል አልሰማነውም ነበር፤ የተቃጠለው ማሽን ሲበራ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ቀጥሎ የኢያቄም ጩኸት፦ «ጋሼ፣ ና፣ ጌሙ ተነሳ!» ስገባ ስክሪኑ ነጭ ሆኗል፣ በነጩ ላይ የማሽኑ ምልክት። ልጁ እጆቹን ጭኖቹ መካከል አስገብቶ ተቀምጧል፣ ብርድ እንደመታው ሰው። «አየኸው? ራሱን አወቀ» አለኝ። የኳሱን ሲዲ ከተተና ሜዳው ሲመጣ ኪቦርዱን ወደ መካከል ገፋው። «በግራ በኩል የታሪኩ ነው። ልሞክረው፣ አንተ ያዝልኝ።»

የሞተ ሰው ቁልፎች ላይ ጣቴን አደረግሁ። ብራዚልን ሰጠኝ። በመጀመሪያው ደቂቃ ጎል ገባብኝ፣ ቀጥሎም ገባብኝ፤ ልጁ እያፌዘብኝ «ጋሼ፣ አንተስ ከታሪኩም ትብሳለህ» አለ። በዚህ መካከል ሰው መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ ውብነሽ ናት፤ ሱቋን ሳይመሽ ዘግታ። ከዚያ ጋሽ አባይነህ። ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ ሁለት ሴቶች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊለብሱ ቃጥቷቸው መልሰው ያስተካከሉ። አቶ ከበበው ልጁን ብቻውን አትተዉት ብለው ነበር፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሲታዘዝ አብዝቶ ነው። ክፍሉ ሞላ፤ በታጠፈው የታሪኩ ፍራሽ ላይ ሳይቀር ተቀመጡ።  ኳስ ምን እንደሆነ የማያውቁ ሴቶች ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። ኢያቄም መጀመሪያ ደስ አለው፤ ወደ ኋላ እየዞረ ቢጫው ብራዚል ነው፣ ሰማያዊው እኔ ነኝ እያለ ያስረዳ ነበር። እነሱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዷ «እግዚአብሔር ይባርክህ» አለችው።

በመጨረሻ አቶ ከበበው ራሳቸው ገቡ። ቦታ ተለቀቀላቸው፣ ብቸኛዋ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት የሜዳው ተመልካቾች ይጮኻሉ። እትዬ ተሾመች በሩ ላይ ቆመዋል።

ኢያቄም የሆነ ጊዜ ላይ ቁልፍ መጫኑን አቆመ። ተጫዋቾቹ ባሉበት ቆሙ። ወደ አክስቱ ዞረ።

«አክስቴ፣ ድምፁን ልቀንሰው?»

«ተወው ልጄ» አሉ እትዬ ተሾመች። «ተወው፣ ደስ ይላል።»

ልጁ ብዙ አያቸው። ከዚያ አቶ ከበበውን አየ፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ኮፍያ አየ። አቶ ከበበው ከዚህ በፊት ወደዚህ ቤት የገቡት አንድ ጊዜ ነው፤ የልጆቹ እናት የሞተች ለት። ከዚያ ውብነሽን፣ በእጇ የያዘችውን ሁለተኛ ብስኩት አየ። አቶ ከበበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መርዶው የተቀጠረው ለማለዳ ነበር፣ ለምሽት የሚሆን ቃል አላዘጋጁም።

ኢያቄም ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ።  ጌሙን ዘጋ፣ ፕሮግራሙን ዘጋ፣ እንደ ማንኛውም ቀን በሥርዓቱ ኮምፒውተሩን ማጥፋት ጀመረ፣ ማሽኑ እያጉረመረመ ሥራውን ሲጨርስ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀው። ጥቁር ስክሪን ላይ አሁን ማጥፋት ይቻላል የሚል ብርቱካናማ ጽሑፍ ሲመጣ ቁልፉን ተጫነ። ከአልጋው ላይ አንሶላ አንስቶ ስክሪኑንም ኪቦርዱንም ሸፈነ፤ ለቅሶ ቤት መስታወትና ቴሌቪዥን እንደሚሸፈነው። ከዚያ ፍሎፒውን ከማሽኑ አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገውና ሰጠኝ።

«ነገ እኔ አልችልም፣ ጋሼ» አለ። «ለኦልጅራ አንተ አድርስልኝ። አደራ ብሏል።»

ከኋላችን እትዬ ተሾመች ከጠዋት ጀምሮ አፋቸው ውስጥ የያዙትን ጩኸት ለቀቁት።